ሬዲዮው ይሠራል፣ አገጣጠሙስ?

በቅርቡ ከአንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን ወዳጄ ጋር የአንድ የሥራ መኪና ኮፈን ከፍተን ነበር። ከባትሪው ተነስቶ ለመገናኛ ሬዲዮው ኃይል የሚወስድ ቀይ ገመድ ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየውን ላሜራ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳው በድሪል የተበሳ ነው። ጠርዙ አልተሞረደም፣ ጎማም አልገባለትም። ገመዱን ሳብ አድርገን ስናየው ላሜራው የሚነካው ቦታ ላይ ልባሱ ተፍቆ እንደ ወረቀት ሳስቷል፣ መዳቡ ሊወጣ ጥቂት ነው የቀረው። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ (ኃይል ሲበዛ ራሱ ተቃጥሎ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ) ፈለግን፣ የለም። ፊውዙ ያለው ማዶ፣ ከሬዲዮው ጀርባ ነው። ሹፌሩን "ሬዲዮው እንዴት ነው?" ስንለው "አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም" አለ። እውነቱን ነው። ሬዲዮው ይሠራል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አምቡላንስ ላይ ይሁን ታክሲ ላይ፣ የጥበቃ መኪና ይሁን ከባድ መኪና፣ የመገናኛ ሬዲዮ ተገጥሞ ማይኩ ተጭኖ "ይሰማል?" "ይሰማል" ከተባለ ሥራው አለቀ ብለን እንለያያለን። አገጣጠሙ የሚፈተነው ግን በዚያ ዕለት አይደለም። ገመዱ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚፈተነው። መኪናው ሲጋጭ፣ ኤርባጉ ሲከፈት ነው። መሥራቱ ስለ ሬዲዮው ይነግረናል እንጂ ስለ አገጣጠሙ የሚነግረን ነገር የለም።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ማየት ይጠቅማል። የአሜሪካዋ የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1928 መኪኖቹ ላይ ሬዲዮ ሲያስገባ ሬዲዮው መቀበል እንጂ መላክ አይችልም ነበር። ፖሊሱ በጣቢያው የተነገረውን ይሰማል፣ ለመመለስ ግን ስልክ ፍለጋ መሄድ አለበት። በ1933 ደግሞ በኒው ጀርሲዋ ባዮን ከተማ ፖሊሶች መኪናቸው ውስጥ ሆነው መመለስ ቻሉ። በዚያ ዘመን መኪና ውስጥ ሬዲዮው የሚረብሸው ኮምፒውተር አልነበረም። ፍሬኑ በኮምፒውተር አይታገዝም፣ ነዳጁን የሚመጥን ኮምፒውተር የለም፣ ኤርባግ የለም። ሁለት ገመድ ከባትሪው መሳብና አንቴና ማቆም በቂ ነበር። መኪናው ከዚያ ወዲህ ፈጽሞ ሌላ ዕቃ ሆኗል፣ የአገጣጠም ልማዳችን ግን ብዙም አልተነቃነቀም።

ከኤሌክትሪኩ ልጀምር፣ ምክንያቱም መኪና የሚያቃጥለው እሱ ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ የሚጠብቀው ሬዲዮውን ይመስለዋል። ፊውዝ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ገመዱን ነው። አንድ የመኪና ባትሪ ሞተሪኖውን ለማዞር ከ100 አምፔር በላይ ያለ ችግር ያወጣል። ሬዲዮው የሚፈልገው 10 ወይም 12 አምፔር ይሁን እንጂ ባትሪው ይህን አያውቅም። ገመዱ መንገድ ላይ ተፍቆ ብረት ከነካ ያን ሁሉ ኃይል በዚያች ቀጭን መዳብ ይለቅባታል። ገመዱ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ አጠገቡ ያለው ምንጣፍና ፕላስቲክ ይያያዛል። ፊውዙ ሬዲዮው ጀርባ ከሆነ ሾርት ያደረገው ቦታ ከፊውዙ በፊት ነው፣ ስለዚህ ፊውዙ ምንም ሳይሆን መኪናው ይቃጠላል። ፊውዙ መኖር ያለበት ባትሪው ራስ ሥር ነው፣ ከስንዝር ባልበለጠ ርቀት። ሬዲዮው ጀርባ ሁለተኛ ቢኖር ጥሩ፣ የመጀመሪያው ግን የግድ ነው።

የፊውዙ መጠን ደግሞ በሬዲዮው መመሪያ ላይ ተጽፏል። ለ50 ዋት ሬዲዮ ብዙውን ጊዜ 15 ወይም 20 አምፔር ይባላል። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው። በትልቅ ፊውዝ መተካት፣ ይባስ ብሎ ደግሞ በሽቦ ወይም በሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት ማገናኘት አፉን መዝጋት ነው። ጉዳቱ ግን አይጠፋም።

የሲጋራ መለኮሻውስ? በእጅ የሚያዘውን 5 ዋት ሬዲዮ ቻርጅ ለማድረግ ይሆናል። ባለ 50 ዋቱን እዚያ መሰካት ግን አይሆንም። ሶኬቱ የላላ ነው፣ ገመዱ ቀጭን ነው፣ ከሌሎች ነገሮች ጋርም ፊውዝ ይጋራል። ማይኩን ስትጫኑ ድምፁ የሚቆራረጥ ወይም ሬዲዮው የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሰበቡ ይሄ ነው።

ስለ ገመድ ውፍረት አንድ ስሌት ልሥራ፣ ምክንያቱም "ገመድ ገመድ ነው" የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ከባትሪው እስከ ሬዲዮው 3 ሜትር ቢሆን ኃይሉ ሄዶ ስለሚመለስ የሚቆጠረው 6 ሜትር ነው። 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መዳብ 10 አምፔር ስታሳልፉ 1 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይጠፋል። የጠፋው ቮልት የትም አልሄደም፣ ገመዱን እያሞቀው ነው። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ጥፋቱ 0.4 ቮልት ግድም ይሆናል፣ በ4 ካሬ ደግሞ ወደ ሩብ ቮልት ይወርዳል። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12 ቮልት አካባቢ ሲሆን ያቺ 1 ቮልት ሬዲዮው እንዲሠራና እንዳይሠራ ትወስናለች። ስለዚህ ወፍራም ገመድ ቅንጦት አይደለም።

ገመድን ከገመድ ጋር ጠምዝዞ ፕላስተር መጠቅለልም እንዲሁ። መኪና ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ በሙቀት ጊዜ የፕላስተሩ ሙጫ ይለቃል፣ ከዚያ ጥምዝማዙ ይላላል፣ የላላ ግንኙነት ይግላል። በትክክለኛው መጭመቂያ የተጨመቀ ጫፍና ሙቀት ሲነካው የሚሸበሸብ ልባስ ዋጋቸው ከአንድ ጥገና አይበልጥም። በላሜራው ቀዳዳ በኩል ስታልፉ የጎማ ቀለበት አስገቡ። ሁሌም። ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ራሱ የተወው በጎማ የተደፈነ ቀዳዳ አለ፣ አዲስ ከመብሳት በፊት እሱን ፈልጉ። ከብረቱ ጀርባ የፍሬን ቱቦ ወይም የገመድ እሽግ መኖሩን ሳያዩ ድሪል ማስነሳት በጭፍን መውጋት ነው።

የኃይሉ መመለሻ በሆነው በኔጌቲቩ ገመድ ላይ ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ድሮ ሁለቱንም ገመድ ቀጥታ ባትሪው ላይ ማሰር ነበር ምክሩ። ዛሬ በብዙ መኪኖች የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ ትንሽ ሴንሰር አለች። ከባትሪው የሚወጣውንና የሚገባውን ኃይል እየቆጠረች ለኮምፒውተሩ ታሳውቃለች፣ ኮምፒውተሩም ዲናሞው ምን ያህል ቻርጅ እንደሚያደርግ በዚያ ይወስናል። የሬዲዮውን ኔጌቲቭ ከሴንሰሯ አልፋችሁ የባትሪው ራስ ላይ ካሰራችሁት ሬዲዮው የሚወስደው አይቆጠርም። መኪናው ባትሪው ሙሉ ይመስለዋል፣ አንድ ጠዋት ግን አልነሳም ይላል። ስለዚህ ኔጌቲቩ የሚታሰረው ባትሪው ራሱ ከመኪናው ብረት አካል ጋር በተያያዘበት ቡሎን ላይ ነው፣ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ከታየ በኋላ።

በከባድ መኪና ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። መኪናው ብዙ ጊዜ 24 ቮልት ነው፣ ሬዲዮው 12። ሁለት ባትሪ በተርታ ስላለ "ከአንዱ ብቻ 12 እንውሰድ" የሚል አቋራጭ አለ። አትሞክሩት። አንዱ ባትሪ ሲራብ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር መቀየሪያ ይገዛል፣ ሬዲዮው ሲያስተላልፍ የሚወስደውን አምፔር በምቾት የሚችል።

በባትሪ የሚሄዱና ሁለት ኃይል ያላቸው ሃይብሪድ መኪኖች ላይ ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። የመቶዎች ቮልት ገመድ ነው። ሬዲዮው የሚገናኘው ከትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ጋር ነው፣ እሱንም ቢሆን የመኪናው መመሪያ ከፈቀደው ቦታ።

መመሪያ ስል፣ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ማንም የማያነበው ገጽ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 10 ስለ ኤሌክትሮማግኔት መረባበሽ ነው። ደንቡን በተቀበሉ አገሮች የመኪና አምራች፣ መኪናው ሬዲዮ ባይኖረውም እንኳ፣ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ፣ እስከ ስንት ዋት፣ አንቴናው የት ላይ ሆኖ ሬዲዮ መግጠም እንደሚቻል ማሳወቅ አለበት። ይህ ማለት ለእናንተ መኪና መልሱ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ተቀምጧል። አንዳንዱ አምራች በተጠቃሚው መጽሐፍ ጀርባ ሰንጠረዥ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ ለጋራዦች ብቻ በሚሰጠው ሰነድ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጠይቁ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ከዚያ በኋላ ግምት የለም።

ሬዲዮው ራሱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እጄ የሚደርስበትን፣ ዓይኔ የሚያየውን ነው። ትክክል ነው፣ ግን ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ይህ ቦታ ኤርባግ የሚያልፍበት ነው? ኤርባግ የሚከፈተው በ0.03 ሰከንድ አካባቢ ነው። ዓይን ለመጨፈን እንኳ ከዚያ ይረዝማል። በዚያ ፍጥነት የሚወጣ ጨርቅ መንገዱ ላይ ማይክ፣ መያዣ ብረት ወይም ሬዲዮ ካገኘ ወደ ሰው ፊት ይወረውረዋል። ከዳሽቦርዱ በላይ ያለው የተሳፋሪ በኩል ቦታ፣ ከጉልበት ፊት ያለው፣ ከመቀመጫው ጎን ያለው፣ ከፊት መስተዋቱ ዳር የሚወርደው ምሰሶ ሁሉ በብዙ መኪኖች ኤርባግ የያዙ ናቸው። ያ ምሰሶ በተለይ ያሳስበኛል። የአንቴና ገመድ ለማሳለፍ የሚመች ስለሚመስል ሽፋኑን ነቅለው ገመዱን ከኤርባጉ ፊት ያሳልፉታል፣ መልሰው ይገጥሙታል፣ ከውጭ ሲታይ ሥራው ያምራል። ከፍቶ የሚያይ የለም። በግጭት ጊዜ ግን የጎን መጋረጃ የሚባለው ኤርባግ በዚያ ገመድ ተይዞ በሚገባው መንገድ ላይከፈት ይችላል። ማለፉ ግድ ከሆነ ገመዱ ከኤርባጉ ኋላ ነው የሚሄደው፣ ታስሮ፣ በፋብሪካው የገመድ መስመር ላይ። ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ልባስ ያለው ገመድ ካያችሁ የኤርባግ ነው፣ አትቁረጡት፣ በሙከራ አምፖልም አትንኩት። አጠገቡ ለመሥራት ባትሪው ይነቀልና ይጠበቃል። አንዳንድ አምራቾች 90 ሰከንድ ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ከዚያ የረዘመ ደቂቃ። ኤርባጉ ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ቀጥሎ ክብደቱ። 1.5 ኪሎ ሬዲዮ ቀላል ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢቆም ግን መያዣውን የሚጎትተው ከ20 ኪሎ በላይ ሆኖ ነው። በሁለት ጎን ሙጫ የተለጠፈ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ የታሰረ ወይም ኪስ ውስጥ የተወተፈ ሬዲዮ ያን አይችልም። ስለዚህ የራሱ የብረት መያዣ፣ በቡሎንና በዳዶ፣ ከብረት ጋር። ፕላስቲክ ላይ በቪቴ ብቻ የተያዘ መያዣ ለንዝረቱም አይበቃ።

ለሬዲዮው የሚያስፈልገው አየርም አለ። 50 ዋት የሚልክ ሬዲዮ ሲያስተላልፍ 130 ዋት አካባቢ ሊወስድ ይችላል፣ ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ በጀርባው ይወጣል። ከማሞቂያው መውጫ ፊት ወይም በልብስና በወረቀት በተሞላ ሳጥን ውስጥ ከገባ ራሱን ያቃጥላል። ከመቀመጫ ሥር መግጠም ጥሩ መደበቂያ ነው፣ ነገር ግን መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋችሁ ምንም ገመድ እንደማይቆነጥጥ እዩ። እዚያም የኤርባግና የተሳፋሪ ሴንሰር ገመዶች አሉ። ፊቱ የሚነቀል ሬዲዮ ካላችሁ ከባዱን አካል ከኋላ ደብቃችሁ ቀላሏን ፊት ብቻ ወደ ፊት ማምጣት ከሁሉ የተሻለ ነው እላለሁ።

አሁን አንቴናው። የሩብ ሞገድ አንቴና (ቁመቱ የሞገዱ ርዝመት አንድ አራተኛ የሆነ) ርዝመት በቀላሉ ይሰላል፦ 300ን በሜጋ ኸርዝ ታካፍላላችሁ፣ ለአራት ትከፍሉታላችሁ። በ150 ሜጋ ኸርዝ ግማሽ ሜትር ይሆናል፣ በ450 ደግሞ 17 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። በ27 ሜጋ ኸርዝ 2.78 ሜትር ስለሚመጣ እዚያ የሚሸጡት አንቴናዎች በጥቅል ሽቦ ያጠሩ ናቸው። ይህ ዘንግ የአንቴናው ግማሽ ብቻ ነው፣ ሌላው ግማሽ ሥሩ ያለው ብረት ነው። የጣሪያው መሐል የሚመረጠው ለዚህ ነው፣ በዙሪያው እኩል ብረት አለ። ሌላም ጥቅም አለው። የብረት ጣሪያው በአንቴናውና በተሳፋሪዎቹ ጭንቅላት መካከል ጋሻ ሆኖ ይቆማል። አንቴናው ከኋላ መስተዋት አጠገብ ወይም በመስኮት ጠርዝ ሲሆን ግን 50 ዋቱ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ጭንቅላት አጠገብ ነው የሚለቀቀው።

ሞገዱ ለሰው ምን ያህል ይፈቀዳል ለሚለው ዓለም አቀፍ ወሰን አለ። በእነዚህ ሬዲዮዎች የሞገድ ክልል ለሠለጠነ ሠራተኛ የሚፈቀደው ለማንኛውም ሰው ከሚፈቀደው በአምስት እጥፍ ይበልጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሠራተኛው ያውቃል፣ ራሱን ይጠብቃል፣ ተሳፋሪውና መንገደኛው ግን አያውቁም። የሬዲዮው መመሪያ ሰው ከአንቴናው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት በሴንቲ ሜትር ጽፎታል። ያን ርቀት አንብቡና ቦታውን በዚያ ምረጡ፣ ሰው መኪናውን ተደግፎ ሲቆም ደግሞ ማይኩን አትጫኑ።

በማግኔት የሚያዝ አንቴና ለጊዜው ይረዳል፣ ለዘለቄታው አልመክረውም። በፍጥነት ሲኬድ ወይም ቅርንጫፍ ሲመታው ይወድቃል። አሉሚኒየም፣ መስተዋት ወይም ፋይበር ጣሪያ ላይ ጭራሽ አይይዝም። ገመዱም በበር ጠርዝ ስለሚያልፍ በየቀኑ ይቆነጠጣል፣ ውስጡ ሲጨፈለቅ ኃይሉ ወደ ሬዲዮው ይመለስና የማስተላለፊያውን ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። ለዚህ ነው ከገጠማ በኋላ የሚመለሰው ኃይል የሚለካው። የመለኪያው ንባብ (SWR የሚባለው) ከ1.5 ለ1 በታች ከሆነ መልካም ነው፣ ከ2 ለ1 ካለፈ ሳይስተካከል ሥራ አይጀመርም። የአንቴናውን ጫፍ ከመሬት ያለውን ቁመትም ለኩና ሹፌሩ በሚያየው ቦታ ጻፉለት። ዝቅ ያለ ጣሪያም የኤሌክትሪክ ሽቦም ሳይታሰብ ነው የሚመጣው።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ "ይሰማል?" ከማለት በፊት የሚሠራ ፈተና አለ። መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሞተሩ ይነሳል። ከዚያ በእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲና በሙሉ ኃይል ማይኩን እየተጫናችሁ መኪናውን ተመልከቱት። የዳሽቦርድ መብራት በራ? ሞተሩ ጮኸ ወይስ ወረደ? ፍሬቻው ፍጥነቱን ቀየረ? የዝናብ መጥረጊያው ተነሳ? የበር ቁልፉ ራሱን ከፈተ? አንዱ እንኳ ከታየ ሞገዱ ወይም ኃይሉ መኪናው ኮምፒውተር ውስጥ እየገባ ነው። የአንቴናው ገመድ ከፋብሪካው የገመድ እሽግ ጎን ለጎን ስለሄደ ሊሆን ይችላል፣ ኔጌቲቩ ስለላላ ሊሆን ይችላል። ቆሞ ፍሬቻውን የረበሸ ነገር በሩጫ ላይ ፍሬኑን አይረብሽም ብሎ መጀገን አይገባም። ይህ ካለፈ ሰው በሌለበት ቦታ በዝግታ እየነዳችሁ፣ ማይኩን ሌላ ሰው ይዞ፣ ይደገማል።

ስለ ሹፌሩ አንድ ነገር ልበል። ማይኩ ተንጠልጥሎ መሪውን ወይም ማርሹን የሚጠልፍ ከሆነ፣ ወይም ቻናል ለመቀየር አንገት የሚያዞር ከሆነ ቦታው ስህተት ነው። በአንዳንድ አገር ሕጉ ሬዲዮን ከእጅ ስልክ ለይቶ ያያል። አእምሮ ግን አይለይም፣ አስቸጋሪ መልእክት እየሰሙ መስቀለኛ መንገድ ማለፍ ያው ነው። በፈንጂ የሚሠራ ቁፋሮ አጠገብ ሬዲዮ ይጠፋል። በኤሌክትሪክ የሚፈነዳ ፈንጂ ሽቦው እንደ አንቴና ሞገዱን ሊቀበል ይችላል፣ ምልክት ከተሰቀለ ያለ ክርክር ነው የሚከበረው። ነዳጅ ስትሞሉም አታስተላልፉ።

ወደዚያች መኪና ልመለስና ላብቃ። ገመዱን ሙሉ በሙሉ ቀየርነው። ቀዳዳውን ሞርደን ጎማ አስገባንለት፣ ፊውዙን ከባትሪው ራስ ሥር አደረግነው፣ ኔጌቲቩን ወደ ቡሎኑ መለስነው። ግማሽ ቀን ወሰደብን። ሹፌሩ ገብቶ ማይኩን ተጫነ፣ ከጣቢያው መለሱለት። ጥቂት አዳመጠና ዞር ብሎ "ድምፁ ግን ያው ነው አይደል?" አለን። አዎ፣ ያው ነው አልነው። ከዚያ ወዳጄ አሮጌውን ገመድ ከመሬት አንስቶ የተፋቀውን ቦታ አሳየው።